ማገጡ ዘር ሳይጥል አረሙ እንዳይቀድመው

መስከረም ሲጠባ የደጋውና የወይና ደጋው መስክ ሁለት ቀለም ይለብሳል። አቀበቱ፣ የማሳው ድንበርና የመንገዱ ዳር በአደይ አበባ ቢጫ ይሆናል፤ ክረምቱን ሙሉ ውኃ ተኝቶበት የከረመው ረባዳ ደግሞ በማገጥ ሐምራዊ አበባ ይሸፈናል። አደይን ሕፃን አዋቂው ያውቃታል፣ ይዘፍንላታል። የማገጥን ስም የሚያነሡት ግን በአብዛኛው ከብት የሚያግደው፣ ላም የምታልበውና ንብ አናቢው ናቸው። እነሱ የሚያነሡትም ምክንያት ስላላቸው ነው። ላሟ ማገጥ በያዘ መስክ በዋለችበት ሰሞን ወተቷ ሲጨምር፣ ቀፎውም በጥቅምትና በኅዳር ሲከብድ በዓይናቸው ያዩታል።

ይሁን እንጂ ይህ ማንም ሳይዘራው በየዓመቱ ራሱ በቅሎ ራሱ የሚደርቅ የመኖ ተክል ከብዙ የወል ግጦሽ መሬቶች እየሳሳ፣ በቦታውም ከብት የማይነካው አረም እየተተካ ይገኛል። ለዚህ መስኩ መታረሱና ልቅ ግጦሽ በምክንያትነት ይነሣሉ። ሁለቱም እውነት ናቸው፤ ሆኖም ብዙ ጊዜ የማይነሣ ሌላ ምክንያትም አለ። ከመስከረም አጋማሽ እስከ ኅዳር መግቢያ ባሉት ጥቂት ሳምንታት ማገጡም አረሙም ዘር ለመጣል ይሽቀዳደማሉ። በሽቅድምድሙ ማን እንደቀደመ የሚታወቀው በቀጣዩ ክረምት ነው። በዚያን ጊዜ ደግሞ ለማረም ረፍዷል።

ከባቄላ ወገን የሆነ ሣር

ማገጥን ብዙዎች ከሣር ይቆጥሩታል። ዝምድናው ግን ከባቄላ፣ ከአተርና ከምስር ጋር ነው። በሳይንሳዊ ስሙ ትራይፎሊየም የሚባለው ሦስት ቅጠል ስላለው ነው። በኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢዎች ከ20 በላይ የማገጥ ዝርያዎች ይበቅላሉ፤ ከእነዚህም የተወሰኑት በሌላ አገር አይገኙም። አብዛኞቹ በሰኔ ዝናብ በቅለው፣ በመስከረምና በጥቅምት አብበው፣ በኅዳር ዘራቸውን ጥለው የሚደርቁ የአንድ ዓመት ተክሎች ናቸው። ጥቂቶቹ ደግሞ መሬት ለመሬት እየሳቡ ከዓመት ዓመት የሚቆዩና የከብት እግርና ግጦሽ የሚችሉ ናቸው።

ይህን ሀብት ተመራማሪዎች ልብ ያሉት ዘግይቶ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1974 አዲስ አበባ ላይ የተቋቋመው የአፍሪካ ዓለም አቀፍ የእንስሳት ማዕከል በ1980ዎቹ የአገር ውስጥ የማገጥ ዝርያዎችን ከየደጋው አሰባስቦ በጥቁር አፈር ላይ ሞክሯቸዋል። ማዕከሉ በኋላ ከሌላ ተቋም ጋር ተዋህዶ ዓለም አቀፍ የእንስሳት ምርምር ተቋም ሲባል፣ የማገጥ ዘሩ በተቋሙ የመኖ ዘረመል ባንክ ውስጥ ተቀምጦ ቆይቷል። ጥናቱ ወደ አርሶ አደሩ ማሳ የወረደበት መጠን ግን ከዘሩ ክምችት ጋር የሚመጣጠን አይደለም።

የማገጥ ዋጋ ይበልጥ የሚገባው ከገለባ ጋር ሲነጻጸር ነው። የስንዴ፣ የገብስና የጤፍ ገለባ ውስጥ ያለው ፕሮቲን በአማካይ ከ100 ኪሎ ግራም ከ4 እስከ 5 ኪሎ ግራም ቢሆን ነው። በከብት ሆድ ውስጥ ገለባውን የሚያብላሉት ረቂቅ ተሕዋስያን ሥራቸውን በአግባቡ ለመሥራት 7 በመቶ ገደማ ፕሮቲን ይፈልጋሉ። ስለዚህ ገለባ ብቻ የምትበላ ላም ሆዷ ሞልቶ ትራባለች፤ በሚያዝያ አጥንቷ የሚቆጠረውም በዚህ ምክንያት ነው። በማበብ ላይ እያለ የታጨደ ማገጥ ግን በአመዛኙ ከ15 እስከ 20 በመቶ ፕሮቲን ይይዛል። ከገለባው ጋር ጥቂት የማገጥ ድርቆሽ ሲቀላቀል ገለባው ራሱ ይበልጥ ይፈጫል። ፉሩሽካና ፋጉሎ በውድ ዋጋ እየሸመተ ላም ለሚያልብ ቤተሰብ ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም።

ለመሬቱም ቢሆን ባለውለታ ነው። በማገጥ ሥር ላይ ጤፍ የሚያህሉና ከዚያም ከፍ የሚሉ እባጮች አሉ። በእነዚህ ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ናይትሮጅንን ከአየር ወስደው ለተክሉ ያቀብላሉ። አርሶ አደሩ ይህን በቀላሉ ሊያረጋግጥ ይችላል። አንድ እግር ማገጥ ከነአፈሩ ነቅሎ፣ ሥሩን በውኃ አጥቦ፣ እባጩን በጥፍር ሰንጥቆ ማየት ነው። ውስጡ ሮዝ ወይም ቀይ ከሆነ በሥራ ላይ ነው፤ ነጭ ወይም አረንጓዴ ከሆነ ግን አልሠራም ወይም ሥራውን አቁሟል ማለት ነው።

አረሙን መለየት

መስክ ላይ ሁሉም አረም አንድ አይደለም፤ ሁሉንም በአንድ መንገድ ማጥፋትም አይቻልም። እዚህ ላይ ነው ብዙ የዘመቻ ጉልበት የሚባክነው።

ውኃ በሚተኛባቸው ዝቅተኛ መስኮች በጣም የሚያስቸግረው አሜኬላ ነው። ግንዱ ጠንካራ፣ በየአንጓው ረጃጅም እሾህ ያለው፣ ሐምራዊ አበባ የሚያወጣ ተክል ነው። ከብት አይበላውም፤ ይባስ ብሎ በዙሪያው ያለውን ሣርና ማገጥም ከብቱ እሾሁን ፈርቶ ይተወዋል። በፎገራ ሜዳ ሩዝ ከተስፋፋ ወዲህ የጠበበውን የወል ግጦሽ ይኸው አረም ወርሮት አርሶ አደሮች በጋራ ወጥተው ሲነቅሉት ቆይተዋል። ፍሬው ሲደርቅ በራሱ ተሰንጥቆ ዘሩን ይበትናል። በመሆኑም አበባው ወደ ፍሬ ከመለወጡ በፊት፣ መሬቱ እርጥበት እያለው መንቀል የግድ ነው። በኅዳር መጨረሻ ደርቆ የቆመውን አሜኬላ ቆርጦ ማቃጠል ለእግር መንገድ ይከፍት እንደሆነ እንጂ ዘሩ ያን ጊዜ መሬት ወርዷል። ለዘመቻ ሥራ በጥር ሕዝብ ሲወጣ ብዙ ጊዜ የሚነቀለው የአረሙ ሬሳ ነው።

ቱልት ሌላ ጠባይ አለው። ሰፊ ቅጠሉ መሬት ላይ ተዘርግቶ ማገጡን ብርሃን ይከለክለዋል፤ ሥሩ ወፍራምና ጥልቅ ነው። በማጭድ ቢቆረጥ ከአንገቱ እንደገና ያቆጠቁጣል። በዶማ ወይም በመቆፈሪያ ከነሥሩ ማውጣት ካልተቻለ ቢያንስ የዘር ዛላው ቡናማ ሳይሆን መቁረጥና ከመስኩ ማውጣት ያስፈልጋል። የተቆረጠውን ዛላ እዚያው መጣል ዘሩን እዚያው እንደ መዝራት ነው።

መጭና አደይ አበባ ቁመታቸው ከማገጡ በላይ ስለሚሆን ያጥሉበታል። እነዚህን አንድ በአንድ መንቀል አያስፈልግም። በነሐሴ መጨረሻ ማጭዱን ከማገጡ ጫፍ በላይ ከፍ አድርጎ መቅላት ይበቃል። ሙጃም እንደዚሁ ነው፤ በለጋነቱ የተቀላው ሙጃ ለከብት ይሆናል። በመስኩ ዳርና በድንበር ላይ ያለውን አደይና መጭ ግን መተው ተገቢ ነው። ንቦች ማገጡ ከማበቡ በፊትም ሆነ በኋላ ይቀስሙታል። ዘመቻ ሲወጣ መስኩን ከዳር እስከ ዳር መላጨት ለዓይን ያምር ይሆናል እንጂ ለቀፎ ያለውን ጉዳት የሚያስበው ጥቂት ነው።

ግጭና እንግጫ በዝተው ከታዩ ጥያቄው የአረም ሳይሆን የውኃ ነው። ከመሬት በታች ባለ ሥራቸው ስለሚራቡ መንቀል አይበግራቸውም። መስኩ ከልክ በላይ ውኃ እንደሚተኛበትና ከብት በእርጥቡ እየገባ እንደሚረግጠው ምልክት ናቸው። አርሶ አደሩ ለስንዴና ለጤፍ ማሳው እንደሚያወጣው ሁሉ ለመስኩም ፈሰስ ቢያወጣ ማገጡ ቦታውን ቀስ በቀስ ያስመልሳል። ማገጥ እርጥብ መሬት ይወዳል፤ ለሳምንታት መስጠም ግን አይወድም።

አንድ አረም ደግሞ ለብቻው መታየት አለበት። ቅጠልና አረንጓዴ ቀለም የሌለው፣ ቢጫ ክር የሚመስልና በማገጥና በአልፋልፋ ግንድ ላይ የሚጠመጠም ጥገኛ አረም አለ። የራሱ ሥር ስለሌለው የሚኖረው የማገጡን ፈሳሽ እየመጠጠ ነው። በመጀመሪያ የሚታየው በእንቅብ ስፋት ነው። ያን ጊዜ ክሩን ብቻ ለመልቀም መሞከር ከንቱ ድካም ነው፤ የተቆረጠች ቁራጭ ሌላ ተክል ላይ ተጠምጥማ ትቀጥላለች። ያለው አማራጭ ክሩ የደረሰበትን ማገጥ ጭምር ከሥሩ አጭዶ እዚያው ላይ ማቃጠል ነው። ለከብት መስጠትም አይገባም፤ ዘሩ በከብት ሆድ ውስጥ አልፎ በእበት ይወጣልና። የአልፋልፋ ወይም የማገጥ ዘር ከሌላ አካባቢ የሚያመጣ ሰው ዘሩ ከዚህ አረም የጸዳ መሆኑን ሳያረጋግጥ መዝራት የለበትም።

መርጨት የሚያጠፋው

የስንዴና የጤፍ አርሶ አደር ቱፎርዲን በሚገባ ያውቀዋል። ቅጠለ ሰፊ አረምን ያጠፋል፤ ስንዴውንና ጤፉን አይነካም። ችግሩ ማገጥም ቅጠለ ሰፊ መሆኑ ነው። በመስክ ላይ አሜኬላን ወይም ቱልትን ለማጥፋት ቱፎርዲ የረጨ ሰው ከአረሙ ጋር ማገጡንም ይገድለዋል ወይም ክፉኛ ይጎዳዋል። በቀጣዩ ዓመት መስኩ ሣር ብቻ ይሆናል። ላይ ላዩን ሲያዩት አረንጓዴ ስለሆነ የጠፋው ነገር ወዲያው አይታወቅም፤ የሚታወቀው በወተቱ ነው።

የሚረጨው ጎረቤት ቢሆንም ጉዳቱ ይደርሳል። በሐምሌና በነሐሴ ከስንዴ ማሳ ተነሥቶ በነፋስ የሚሄደው ርጭት ከታች ያለውን ረባዳ ይነካል። ቅጠሉ የተጣመመና ግንዱ የተጠማዘዘ ማገጥ በመስክ ዳር ከታየ ከዚህ ሌላ ምክንያት መፈለግ አያስፈልግም ማለት ይቻላል። ነፋስ በሌለበት ማለዳ መርጨት፣ የመርጫውን አፍ ዝቅ ማድረግ፣ ከመስኩ ጋር በሚዋሰነው ጠርዝ ላይ ጥቂት እርምጃ ሳይረጩ መተው ወጪ የለውም። መርጫውን ከሥራ በኋላ መስኩ ውስጥ ባለው ኩሬ ማጠብም ከብቱ የሚጠጣውን ውኃ መበከል ነው። ራውንድ አፕን የመሰሉ ሁሉን ገዳይ መድኃኒቶች ደግሞ በመስክ ላይ ቦታ የላቸውም።

የወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤቶች የፀረ አረም ሥልጠና ሲሰጡ በአብዛኛው የሚያተኩሩት ሰብሉ ላይ ነው። ከማሳው አጠገብ ያለው መስክም ሰብል መሆኑ፣ እሱም የሚጎዳ ነገር እንዳለው በሥልጠናው ውስጥ ቢገባ መልካም ነው።

ዩሪያው ለማን ይጠቅማል

መስክ ሲሳሳ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ዩሪያ መበተን ነው። ሣሩ በሳምንት ውስጥ ይጠቁራል፤ ውጤቱ ደስ ያሰኛል። ነገር ግን ናይትሮጅን ሣሩን አፋፍቶ ከማገጡ በላይ ያስረዝመዋል። ማገጡ ናይትሮጅኑን ራሱ ስለሚያዘጋጅ ከዩሪያው የሚያገኘው ጥቅም የለም፤ ብርሃን ተከልክሎ ይቀጭጫል። ዩሪያ በተደጋጋሚ የተበተነበት መስክ ከዓመታት በኋላ ማገጥ አልባ ሆኖ ይገኛል። ያን ጊዜ ደግሞ ሣሩ ያለ ዩሪያ አይሆንለትም።

ማገጥ የሚፈልገው ፎስፈረስ ነው። የደጋው ጥቁር አፈር ተክል ሊወስደው የሚችለው ፎስፈረስ ያንሰዋል። ቀደም ሲል በተጠቀሰው የአፍሪካ ዓለም አቀፍ የእንስሳት ማዕከል ሙከራዎች ላይ የአገር ውስጥ ማገጦች ፎስፈረስ ሲጨመርላቸው ምርታቸው በግልጽ ከፍ ብሏል። ኤን.ፒ.ኤስ. የሚባለው ማዳበሪያ 38 በመቶ ፎስፌት ሲኖረው ናይትሮጅኑ 19 በመቶ ነው። ስለዚህ በመስክ ላይ መዋል ካለበት ከዩሪያ ይልቅ እሱ ይቀርባል። መጠኑን የአፈሩን ሁኔታ የሚያውቅ የወረዳው ባለሙያ ቢወስን ይሻላል። ጊዜው ግን ጸደይ አይደለም፤ ሰኔ ላይ፣ ማገጡ ሲበቅል ነው። ማዳበሪያ ለሰብሉም ባልበቃበት ለመስክ የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው። እንግዲያውስ በደንብ የበሰበሰ ፍግ አለ፤ እበቱ ሁሉ ኩበት ሆኖ ከምድጃ ካልገባ።

አንድ ሦስተኛውን መተው

ማገጡ መቼ ይታጨድ የሚለው ከአረሙ ጥያቄ ጋር የተሳሰረ ነው። የመኖ ባለሙያዎች የሚመክሩት ግማሹ ያህል ሲያብብ ማጨድን ነው። ቀደም ብሎ ከታጨደ መጠኑ ያንሳል፤ ከዘገየ ግንዱ ይጠነክራል፣ ቅጠሉም ይረግፋል። አብዛኛው ፕሮቲን ያለው ቅጠሉ ላይ ስለሆነ ቅጠሉ የረገፈ ማገጥ ከገለባ ብዙም አይሻልም። ለድርቆሽ የታጨደው በቀጭኑ ተዘርግቶ ይደርቃል። የሚገለበጠውም ጠዋት ጤዛ ሳይለቀው ነው፤ በቀትር የሚገለበጥ ማገጥ ቅጠሉን መሬት ላይ ይተዋል። ግንዱ ሲጠመዘዝ እርጥበት የሚያወጣ ከሆነ አልደረሰም። እንዲህ ሆኖ የተከመረ ይሻግታል።

እዚህ ላይ አንድ ችግር ይመጣል። የአንድ ዓመቱ ማገጥ አብቦ ከታጨደና ዝናቡም ከወጣ በዚያው ዓመት ዳግም ለዘር የመድረስ ዕድሉ አነስተኛ ነው። መስኩ ሙሉ በሙሉ በአበባው ከታጨደ፣ ወይም ከብት በመስከረም ገብቶ ከጨረሰው፣ በመሬት ውስጥ ያለው የዘር ክምችት አይተካም። ማገጥ ቆዳው ደንዳና የሆነ ዘር ስላለው የተወሰነው ዘር በመሬት ውስጥ ከአንድ ዓመት በላይ ይቆያል። አርሶ አደሩን የሚያዘናጋውም ይኸው ነው። አንድ ዓመት ሙሉውን አጭዶ በቀጣዩ ክረምት ማገጡ ሲበቅል ምንም አልሆነም ይላል። ሦስተኛውና አራተኛው ዓመት ላይ ግን ባዶ ቦታ ይበዛል፤ በባዶው ቦታ ቱልትና አሜኬላ ይገባሉ።

መፍትሔው ቀላል ነው። መስኩን በሦስት ከፍሎ ሁለቱን በአበባው ማጨድ፣ አንዱን እስከ ኅዳር ለዘር መተው፤ በየዓመቱም የሚተወውን ክፍል ማቀያየር። በዚያ በሚተወው ክፍል ውስጥ ግን አረም ለዘር መድረስ የለበትም። የጉልበቱ ውስንነት ከታወቀ መጀመሪያ መታረም ያለበት ይህ ክፍል ነው። የሚታጨደው ክፍል ላይ ያለው አረም ከማገጡ ጋር አብሮ ስለሚቆረጥ ፋታ ይሰጣል፤ ለዘር የቀረው ላይ ያለው ግን ፋታ አይሰጥም።

ለሌላ ቦታ ዘር መሰብሰብ የሚፈልግ ራሱ ቡናማ የሆነውን ማገጥ ጤዛ ሳይነሣ አጭዶ፣ በሸራ ላይ አድርቆ፣ በዱላ ወቅቶ ማበጠር ይችላል። ደንዳናው ቆዳ ውኃ እንዲያስገባ ዘሩን ከመዝራት በፊት ከደረቅ አሸዋ ጋር ቀላቅሎ ማሸት ይጠቅማል። የአንድ ዓመት ማገጥ በሔክታር ከ5 እስከ 10 ኪሎ ግራም ዘር ይበቃዋል። ዘሩ ደቃቅ ስለሆነ ከአንድ ሴንቲ ሜትር በላይ መቀበር የለበትም። በሰኔ መጀመሪያ ተበትኖ በእሾህ ቅርንጫፍ ቢጎተትበት በቂ ነው።

ሳይጠነቀቁ የሚያበሉት

ማገጥ መልካም ነው ሲባል አንድ አደጋ አብሮ መነገር አለበት። ሌሊቱን ሳትበላ ያደረች ላም በጠዋት ጤዛ ባለበት ለጋ ማገጥ ላይ ከተለቀቀች ሆዷ ሊነፋ ይችላል። በሆድ ውስጥ የሚፈጠረው ጋዝ በአረፋ ውስጥ ስለሚታሰር ማግሳት አትችልም። በግራ ጎኗ በኩል ሆዷ እንደ ከበሮ ይወጠራል፣ ትንፋሽ ያጥራታል፤ ካልታከመች በሰዓታት ውስጥ ልትሞት ትችላለች። በመስከረምና በጥቅምት ድንገት የምትሞት ላም ቡዳ በልቷት ወይም እባብ ነድፏት እየተባለ ምክንያቱ ሳይታወቅ የሚቀርበት ጊዜ አለ።

መከላከያው ከባድ አይደለም። ጠዋት ገለባ ወይም ድርቆሽ አብልቶ፣ ጤዛው ከረገፈ በኋላ፣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ለአጭር ጊዜ ብቻ ማሰማራት ነው። አጭዶ ለሚመግብም ማገጡን አጠውልጎ ከሣር ጋር መስጠት ይበጃል። ሆዷ የተነፋች ከብት ከተገኘች ከሩብ እስከ ግማሽ ሊትር የምግብ ዘይት በቀስታ ማጠጣት አረፋውን ይሰብራል፤ ወደ ሳንባዋ እንዳይገባ ጭንቅላቷን ከልክ በላይ ወደ ላይ ማቅናት አይገባም። ይህን እያደረጉ የእንስሳት ጤና ባለሙያ መጥራት ያስፈልጋል።

መስኩን የሚዘጋው ማን ነው

የግል መስክ ያለው አርሶ አደር ከላይ የተዘረዘረውን በራሱ ሊያደርግ ይችላል። ትልቁ ማገጥ ያለው ግን በወል መሬት ላይ ነው። በወል መሬት ደግሞ አንዱ ለዘር ልተወው ሲል ሌላው ከብቱን ያስገባበታል። የነቀለውም ያልነቀለውም እኩል የሚያሰማራ ከሆነ ለመንቀል የሚወጣ አይኖርም።

ይህ አዲስ ችግር አይደለም፤ መፍትሔውም ከውጭ የመጣ አይደለም። በሰሜን ሸዋ መንዝ የጓሳ ማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ለዘመናት የቆየው በቀሮ ሥርዓት ነው። መስኩ ለዓመታት ይዘጋ፣ መቼ እንደሚከፈት በጋራ ይወሰን፣ ያለ ጊዜው የገባ ይቀጣ ነበር። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ይህን ሥርዓት ቢያፈርሰውም ማኅበረሰቡ ኋላ ላይ በመተዳደሪያ ደንብ ጥበቃውን መልሶ አቋቁሟል። የማገጥ መስክ ለዓመታት መዘጋት አያስፈልገውም። ከመስከረም አጋማሽ እስከ ኅዳር ማገባደጃ ከመስኩ አንድ ሦስተኛው ቢዘጋ ይበቃል። ከሁለት ወር ጥቂት ከፍ የሚል ጊዜ ነው።

በብዙ ቀበሌዎች መስክን ከሰኔ ጀምሮ የመከለል ልማድ አለ። የሚያጣላው መክፈቻው ነው። የመስቀል በዓል አልፎ ሣሩ ሲያጓጓ፣ በሬ ያለው ለአጨዳና ለውቂያ በሬውን ማጠናከር ይፈልጋል፤ ላም ያለው ወተት ይፈልጋል፤ ግጦሽ የሌለው ደግሞ ቶሎ ይከፈት ይላል። የሁሉም ጥያቄ እውነት ስላለው ቀኑ በጥቅምት ሳይሆን ቀደም ብሎ፣ ሰኔ ላይ መስኩ ሲከለል አብሮ ቢወሰን ጭቅጭቁ ይቀንሳል። ለዘር የሚቀረው ክፍልም ወሰኑ በዚያው ዕለት በድንጋይ ቢለይ መልካም ነው። ከብት አስገብቶ መጋጥ የለመደ መንደር ደግሞ ሁለቱን ክፍል አጭዶ በየቤቱ ማካፈልን ሊያስብበት ይገባል። ያኔ በነቀላው ያልወጣ ከድርቆሹ ድርሻው ይቀነሳል፤ በግጦሽ ግን ይህን ማድረግ አይቻልም።

የወረዳ አመራሩን የሚመለከት ሌላ ነገርም አለ። የመኖ ልማት ሪፖርት ሲቀርብ ጎልተው የሚታዩት ደሾ፣ ዝሆኔ ሣር፣ ሰስባኒያና ትሪ ሉሰርን ናቸው፤ ተገዝተው ወይም ተባዝተው ስለሚሰራጩ በቁጥር ለማሳየት ይቀላሉ። ራሱ የበቀለ ማገጥ በሪፖርት ሠንጠረዥ ላይ ዓምድ የለውም። ማንም ስላላሰራጨው ሲጠፋም ማንም አይጠየቅበትም። ከአሜኬላ የጸዳ ሔክታር ሲቆጠርም በቦታው ምን እንደበቀለ በቀጣዩ ነሐሴ ሄዶ የሚያይ ከሌለ፣ ያው መሬት በየዓመቱ የጸዳ ተብሎ ሊመዘገብ ይችላል። የዘመቻው ቀን ከጥር ወደ መስከረም መጨረሻ ቢሳብ አጨዳ ሳይደርስ፣ መሬቱም እርጥብ ሳለ ስለሚሆን በአንድ ቀን የሚሠራው ይበዛል፤ አረሙም ዘሩን አልጣለም።

አሜኬላ የተነቀለበት ቦታ ለብቻው ከተተወ ከመሬት በታች የቀረው የአረሙ ዘር ቀድሞ ይይዘዋል። ዘር ለመበተን አቅም ለሌለው መንደር ከብቱ ራሱ ዘሪ ሊሆን ይችላል። ደንዳናው የማገጥ ዘር በከብት ሆድ ውስጥ አልፎ ሳይሞት በእበት ይወጣልና። በኅዳር ማገባደጃ ለዘር የተተወው ክፍል ሲከፈት ከብቱ ጠዋት የደረቀውን ማገጥ በልቶ፣ ከቀትር በኋላና ሌሊቱን አረም በተነቀለበት ባዶ ቦታ ላይ ቢያርፍ፣ እበቱ ዘሩን ይዞ ይወርዳል። ለዚህ ግን ያን ሰሞን እበቱን ለኩበት አለመልቀም ያስፈልጋል። እረኞቹም የትኛው ቦታ ላይ እንደሚያሳርፉ አስቀድመው ሊነገራቸው ይገባል።